መንግሥት ከነጻነት በፊት

ስለ ጊኒ ቢሳው የነጻነት ትግል መሪ ስለ አሚልካር ካብራል ሲነሳ ግድያው ይቀድማል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 20 ቀን 1973 ኮናክሪ ውስጥ የገዛ ድርጅቱ አባላት ገደሉት። ብዙዎች የጊኒ ቢሳውን መከራ መቁጠር የሚጀምሩት ከዚያ ሌሊት ነው። እኔ ግን አገሪቱን ይበልጥ የጎዳት ታጋዮቹ ጫካ ውስጥ ያቆሙትን አስተዳደር ከተማ ሲገቡ መተዋቸው ነው ባይ ነኝ።

ፖርቹጋል ሕዝቡን ለሁለት ከፍላ ነበር የምትገዛው። «ሥልጡን» የተባለው የዜግነት መብት አለው፤ ሌላው «የአገሬው ተወላጅ» ተብሎ በተለየ ሕግ ይተዳደራል። ለመሻገር የፈለገ አፍሪካዊ ፖርቱጋልኛ መቻሉን፣ መተዳደሪያ ገቢና መልካም ጠባይ እንዳለው ማስመስከር ነበረበት። በ1950 በተደረገው ቆጠራ ይህን ወንፊት ያለፉት አፍሪካውያን ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም። የቀረው ገበሬ ግብር ለመክፈል ኦቾሎኒ ያመርታል፤ በግዳጅ መንገድ ይሠራል። የኦቾሎኒውን ንግድ በብዛት የያዘው ካሳ ጎቬያ የተባለ የንግድ ድርጅት ነው፤ ባለቤቱም ሊዝበን ያለ ትልቅ ኩባንያ ነበር። ኦገስት 3 ቀን 1959 የቢሳው ወደብ ሠራተኞች ደመወዝ ይጨመርልን ብለው ፒጂጊቲ ላይ ሥራ ሲያቆሙ ፖሊስ ተኮሰባቸው። ሃምሳ ያህል ሰው አለቀ።

ካብራል የግብርና ባለሙያ ነበር። በ1953 የቅኝ ግዛቱን የእርሻ ቆጠራ የመራው እሱ ነው፤ በዚሁ ሥራ አገሩን መንደር ለመንደር ዞሮ አይቷል። የትኛው ማኅበረሰብ አለቃ እንዳለው፣ የትኛው እንደሌለው፣ ሩዙ የት እንደሚበቅል ያውቅ ነበር። በ1963 የትጥቅ ትግሉ ሲጀመር ይህ ዕውቀት ከጠመንጃ አላነሰም።

ከፖርቹጋል እጅ በወጡት አካባቢዎች እያንዳንዱ መንደር አምስት ሰው ያለበት ኮሚቴ ይመርጣል። ከአምስቱ ቢያንስ ሁለቱ ሴቶች መሆን አለባቸው። ብዙ ጊዜ ሴቶቹ የሚመደቡት ለታጋዩ ሩዝ ማቅረቡ ላይ ስለነበር እኩልነቱ ሙሉ ነበር አልልም። ቢሆንም በመንደር ጉዳይ ላይ ድምፅ ኖሯቸው በይፋ ተቀመጡ፤ ቀላል ነገር አይደለም። ከኮሚቴው ሌላ «የሕዝብ መደብር» ነበር። ገበሬው ሩዝ ይዞ ይመጣል፤ ጨርቅ፣ ጨው፣ ሳሙና ይዞ ይመለሳል። ልዋጩ ከፖርቹጋሎቹ ሱቅ የተሻለ እንዲሆን ድርጅቱ አጥብቆ ይጠነቀቅ ነበር፤ ገበሬው ነጻነትን የሚመዝነው በዚህ እንደሆነ ካብራል ያውቃልና።

በ1972 መጀመሪያ የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት አዲስ አበባ ላይ ሲሰበሰብ ካብራል ቀርቦ ተናገረ። ከወራት በኋላ የተባበሩት መንግሥታት ልዑካን ነጻ የወጡትን አካባቢዎች በእግራቸው ተዘዋውረው አዩ። በዚያው ዓመት ሕዝቡ ለብሔራዊ ምክር ቤት ድምፅ ሰጠ። ሴፕቴምበር 24 ቀን 1973 ማዲና ዶ ቦዬ ላይ ነጻነት ሲታወጅ ካብራል በሕይወት አልነበረም፤ ምክር ቤቱ ግን ነበር። በርካታ አገሮች ከፖርቹጋል ቀድመው ዕውቅና ሰጡ። ሊዝበን ውስጥ መኮንኖች በኤፕሪል 1974 አምባገነኑን ሥርዓት ከጣሉ በኋላ ፖርቹጋልም በሴፕቴምበር ተቀበለች።

ከዚያ መሪዎቹ ቢሳው ገቡ። የቅኝ ገዢው መሥሪያ ቤቶች እንዳሉ ቆዩአቸው፤ ሠራተኛውም በአብዛኛው ያው ነበር። ካብራል የቅኝ ገዢውን የመንግሥት መዋቅር ማፍረስ ያስፈልጋል ይል የነበረው ይህን ፈርቶ ነው። ውሳኔው ወደ ከተማ ሲሰበሰብ የመንደር ኮሚቴዎቹ ጉልበታቸው አለቀ። የሕዝብ መደብሩ ደግሞ የካሳ ጎቬያን ንግድ ወርሶ የመንግሥት ሞኖፖል ሆነ። መደርደሪያው ባዶ ሲሆን ገበሬው ሩዙን የሚሸጥበት ምክንያት አልታየውም። በኖቬምበር 1980 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኒኖ ቪየራ የካብራልን ወንድም ፕሬዚዳንት ሉዊስ ካብራልን በመፈንቅለ መንግሥት ሲያወርድ ቢሳው ሩዝ ጠፍቶባት ነበር።