የቆሼ በቆሎ ሞቆት ነው ወይስ ጠምቶት?

ባለፈው ሴሚስተር «ሰብልን ከሙቀትና ከቅዝቃዜ ጉዳት መከላከል» የሚል የቡድን ሥራ ተሰጥቶን ነበር። ሁላችንም ማለት ይቻላል ያቀረብነው መልስ አንድ ነው፤ «የተሻሻለ ዝርያ መጠቀም»። እኔ የቆሼ ልጅ ነኝና በዚህ መልስ አልረካሁም።

መጽሐፉ የበቆሎ የአበባ ዱቄት ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ መሞት ይጀምራል ይላል። ልክ ነው። ግን ቆሼ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ግድም ናት። በክረምት በቆሎው ሲያብብ አየሩ እዚያ አይደርስም። ታዲያ እሸቱ ተገልጦ ሲታይ ለምን ግማሹ ባዶ ይሆናል? ቅጠል ራሱን የሚያቀዘቅዘው ውኃ በማትነን ነው። አፈሩ ሲደርቅ ቀዳዳዎቹን ይዘጋና ከአየሩ በላይ ይሞቃል። ጢሙም ዘግይቶ ስለሚወጣ የአበባ ዱቄቱ ረግፎ ካለቀ በኋላ ይደርሳል። እኛ ሙቀት የምንለው እንግዲህ አብዛኛው ጥም ነው።

ስለዚህ ከዝርያው በፊት ዝናቡን ማሳው ውስጥ ማስቀረት ይቀድማል ባይ ነኝ። የመልካሳ ተመራማሪዎች ትልሙን በየመሀሉ በአፈር መገደብን የመከሩት ለዚሁ ነው። ራሱ መልካሳ 1ም ቢሆን ዋናው ጥቅሙ ፈጥኖ ደርሶ ከድርቅ ማምለጡ ነው። «ማሳውን በገለባና በአገዳ ማልበስ» የሚለውንም ጽፈን ነበር። ጥሩ ነው፤ ግን የማን አገዳ? እኛ ቤት ግማሹን ከብት ይበላዋል፣ ግማሹ ማገዶ ነው። (ጉልበቱንማ በርበሬው ይወስደዋል፤ ማረቆ ነዋ!)

ቅዝቃዜው ደግሞ ከቡታጅራ በላይ፣ በዘቢዳር ተዳፋት ያለው ገብስ ጉዳይ ነው። ውርጭ የሚመጣው ሰማዩ ጥርት ባለ፣ ነፋስ በሌለበት ሌሊት ነው፤ ቀዝቃዛው አየር ወርዶ ረባዳው ላይ ይተኛል። እርጥብ አፈር የቀኑን ሙቀት አከማችቶ ሌሊት ይሰጣል፣ ደረቅ አፈር ግን ብዙም አይዝም። እዚህም ውኃ መጣ ማለት ነው። ገለባው ግን እዚህ ተቃራኒ ሥራ ሊሠራ ይችላል፤ የአፈሩ ሙቀት ወደ ተክሉ እንዳይወጣ ያፍነዋል። ይህንን ከቡድናችን ማንም አልጻፈም፣ እኔም ጭምር።

ለመምህሮቻችን አንድ ጥያቄ አለኝ። የሚቀጥለው የቡድን ሥራ ሲሰጠን አካፋ ይዘን እንውጣ፤ በቆሎ በሚያብብበት ሳምንት አፈሩ ምን ያህል ጥልቀት ድረስ እንደሚርስ ቆፍረን እንይ።