አሥር ሠራተኛ «የሌለው» መጋዘን

ሄርማታ በአባ ጅፋር ዘመን በሐሙስ ገበያው የሩቅ አገር ነጋዴ የሚጠራ ስፍራ ነበር። ዛሬም የቡና ወቅት ሲገባ በጅማ፣ በአጋሮና በሊሙ ገነት የመጋዘኖች በር ጎሕ ሲቀድ በሰው ይሞላል። ጀንፈል የሚያሰጡ፣ መፈልፈያ ላይ የሚቆሙ፣ ጥቁሩንና የተሰበረውን ፍሬ የሚለቅሙ ሴቶች፣ ጆንያ የሚሸከሙ ጎረምሶች ናቸው። ካቦው ጠዋት ቆጥሮ ያስገባል፣ ማታ ቆጥሮ ይከፍላል። ባለመጋዘኑ ስንት ሠራተኛ እንዳለው ሲጠየቅ ግን ዘበኛውን፣ ሒሳብ ያዡንና ሚዛን ያዡን ቆጥሮ ያበቃል። የቀሩት «የቀን ሠራተኞች» ናቸው።

መልሱ የዋህ አይደለም። ሠራተኛ ማኅበር የሚቋቋመው በቁጥር ነው። አዋጅ ቁጥር 42/1985 በአንድ ድርጅት ማኅበር ለማቋቋም 20 ሠራተኛ ይጠይቅ ነበር። አዋጅ ቁጥር 377/1996 ወደ 10 አወረደው፤ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም በዚያው አጸናው። ከ10 በታች ሠራተኛ ባላቸው ድርጅቶች ያሉትም ተሰባስበው ጠቅላላ ማኅበር ማቋቋም ይችላሉ። በየዓመቱ የሚደጋገም ወቅታዊ ሥራ ለተወሰነ ጊዜ ውል ሊደረግበት ይችላል እንጂ ሠሪውን ከሠራተኛነት አያወጣውም። ስለዚህ ቡና ለቃሚዋ በሕጉ ዓይን ሠራተኛ ናት፤ የጠፋችው ከባለመጋዘኑ መዝገብ ነው።

ጉዳዩ የሚከረው እዚህ ላይ ነው። በማኅበር አባልነት ሠራተኛን ማሰናበት በሕግ የተከለከለ ነው። ለማኅበር ፊርማ ስታሰባስብ የታየችን ለቃሚ ግን ማሰናበት አያስፈልግም። በማግሥቱ ካቦው ስሟን አይጠራም፤ አለቀ። የተባረረ ሰው የለም፤ ያልተጠራ ሰው ነው ያለው። ውልም፣ የክፍያ ሰነድም፣ የሥራ መታወቂያም ያልተሰጣት ሴት የሥራ ክርክር ችሎት ቀርባ ምን ታሳያለች? ዕውቅና ሲሰጥም ሲነሳም ያየ ሠራተኛ ለመፈረም ማመንታቱም አይገርምም። የአገሪቱ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ራሱ በ1987 ዓ.ም. ምዝገባው ተሰርዞ ዳግም የቆመው በ1989 ዓ.ም. ነው።

ነጋዴው «ማኅበር» ሲባል የሚሸሽበት የራሱ ምክንያት አለው። በዓይኑ የሚመጣበት ጫኝና አውራጁ ነው። የራሱን ሰው እንዳያሠራ ተከልክሎ የተጠራበትን ዋጋ ሲከፍል የኖረ ሰው ቢበረግግ አይፈረድበትም። ነገር ግን የጫኝና አውራጅ ማኅበር በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጀ አገልግሎት ሻጭ ነው። የሰፈሩን ጭነት ይዞ ዋጋ የሚቆርጥ ሌላ ነጋዴ ቢባል ይቀላል። በመጋዘኑ ውስጥ ከሚቋቋም ሠራተኛ ማኅበር ጋር ከስሙ በቀር የሚያገናኘው ነገር የለም።

እንዲያውም ሒሳቡን ለሠራ ሰው፣ ሥራ ማቆም በማኅበር ሲሆን ኪሣራው ያንሳል። ሕጉ ሥራ ከማቆም በፊት የ10 ቀን ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ያስገድዳል። 10 ቀን ማለት ለላኪው ደውሎ የርክክብ ቀን ለማሸጋሸግ፣ መኪና ለማዘግየት፣ ቁጭ ብሎ ለመነጋገር በቂ ጊዜ ነው። ማኅበር የሌለው ግን ማስጠንቀቂያ አይጽፍም፤ መኪናው በር ላይ በቆመበት ቀን እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ባለመጋዘኑም ከማን ጋር እንደሚደራደር አያውቅም።

የዋጋው ሥጋት ግን እውነት ነው። ቡና ሲረክስ በውድ ዘመን የተፈረመ ደመወዝ አንገት ያንቃል። ተዋዋዮቹ በግልጽ ሌላ ጊዜ ካልወሰኑ በቀር የኅብረት ስምምነት ለ3 ዓመት የሚጸና መሆኑም ያስፈራል። ሆኖም «ካልወሰኑ በቀር» የምትለዋን ቃል የሚያነብ ነጋዴ ለአንድ ወቅት ብቻ፣ በኪሎ ወይም በጆንያ ሒሳብ መፈራረም እንደሚችል ይረዳል።

ገዢውም መጠየቅ ጀምሯል። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው የደን ጭፍጨፋን የሚከለክል ደንብ ቡናን ይጨምራል። የተፈጻሚነቱ ቀን ደጋግሞ ቢራዘምም፣ ምርቱ የአምራቹን አገር የሠራተኛ መብት ሕግ አክብሮ የተመረተ መሆኑን ይፈልጋል። የእርሻውን ካርታ ለማዘጋጀት የሚሯሯጠው ላኪ ስለ ለቃሚዎቹ ሲጠየቅ የሚያቀርበው ወረቀት የካቦው ብጫቂ ብቻ ከሆነ ይቸገራል።

መጀመሪያው የስም መዝገብ ነው። ማን መጣ፣ ስንት ቀን ሠራ፣ ስንት ተከፈለው ብሎ መጻፍ ከአንድ ደብተር ዋጋ በላይ አያስወጣም። ብዙዎች ደብተሩን የማይገዙት፣ ስሙ ሲቆጠር 10 እንደሚሞላ ስለሚያውቁ ነው።