ሕፃኑ አየ ወይስ እኛ ነገርነው?

«ልጄ ሞቶ ተመለሰ፤ ያየውን ራሱ ይንገራችሁ» እየተባለ በየቡናው የሚቀርብ ሕፃን አይጠፋም። ሕፃኑ ዋሸ አልልም። ግን ትዝታው የማን ነው?

አሜሪካዊው አሌክስ ማላርኪ እ.ኤ.አ. በ2004 የመኪና አደጋ ሲደርስበት የ6 ዓመት ልጅ ነበር። ሰማይ ደርሶ መመለሱን የሚተርከው መጽሐፍ በ2010 በእርሱና በአባቱ ስም ወጣ፤ በብዛትም ተሸጠ። በ2015 ልጁ ራሱ ነገሩ ትኩረት ለማግኘት የፈጠረው መሆኑን በይፋ ተናገረ። አሳታሚው መጽሐፉን ከገበያ አነሣ።

እርሱስ ፈጠራ መሆኑን ያውቅ ነበር። የባሰው ሳያውቅ የሚያምነው ነው። ስመ ጥሩው የሥነ ልቦና ሊቅ ዣን ፒያዤ በሕፃንነቱ ከጋሪው ሊጠልፉት እንደ ሞከሩ ቁልጭ ብሎ ይታየው ነበር። 15 ዓመት ገደማ ሲሆነው ሞግዚቱ ታሪኩን እንደ ፈጠረችው በደብዳቤ ተናዘዘች። «ትዝታው» ለካ ቤት ውስጥ ሲወራ የሰማው ኖሯል!

ታዲያ ስለ አኼራ ቁርኣንና ሐዲስ ያለን ሰዎች ትኩሳት ካንገላታው ሕፃን ማስረጃ መለመናችን ምን ይባላል? ልጃችሁ ከሞት አፋፍ ሲተርፍ አላህን አመስግኑ። «ብርሃን አየህ? አያትህስ ጠሩህ?» እያላችሁ ግን አታጉርሱት። በራሱ አፍ የተናገረው ካለ በዚያው ቀን ጻፉት፤ እንግዳ በመጣ ቁጥርም አታስደግሙት።