የቦሎኛው ዳቦ ቤትና የእኛ የመመረቂያ ጽሑፍ



ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ፣ በጊዜው የራሱ በነበረው ፕሪንግልስ የድንች ቺፕስ ላይ ጽሑፍና ሥዕል ማተም ፈለገ። በሺህ የሚቆጠሩ ተመራማሪዎች ነበሩት። ሆኖም ማሽኑን ከባዶ ልሥራ አላለም። ችግሩን በዝርዝር ጽፎ ከቤቱ ውጪ ላሉ ሰዎች በተነ። መልሱ የመጣው ጣሊያን፣ ቦሎኛ ከተማ ውስጥ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ከሚያስተዳድረው ትንሽ ዳቦ ቤት ነው። መምህሩ በኬክና በብስኩት ላይ የሚበላ ቀለም የማተሚያ ዘዴ ቀድሞ ፈልስፎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 ምርቱ ገበያ ላይ ዋለ።

ይህን ታሪክ የሚያነሡ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያደንቁት ዳቦ ቤቱን ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ችግሩ የተጻፈበት ወረቀት ነው። ምን እንደጎደለው በትክክል የማያውቅ ድርጅት መልሱ ደጁ ላይ ቢቆምም አያየውም። ኮኸንና ሌቪንታል የተባሉ ሁለት ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት ያሉትም ወደዚህ ይቀርባል፤ የውጭ እውቀት የሚጠቅመው ለመረዳት የሚበቃ እውቀት በውስጡ ያከማቸን ድርጅት ነው።

የራሳችንን አየር መንገድ ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1945 ቲ.ደብሊው.ኤ ከተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር ተፈራርሞ በ1946 መብረር ጀመረ። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ የተሾመው ግን በ1971 ነው። በመካከሉ ያለው ሩብ ምዕተ ዓመት አብራሪና መካኒክ የሚሠለጥንበት ጊዜ ነበር። አውሮፕላን በገንዘብ ይገዛል፤ የሚጠግነውን እጅ ግን ቁጭ ብሎ ማስተማር ይጠይቃል።

ስለዚህ "ፋብሪካዎቻችን አዲስ ነገር የማይሠሩት ገንዘብ ስለሌላቸው ነው" የሚለው ወሬ ለእኔ ግማሽ እውነት ነው። ጥያቄያቸውን ጽፈው ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚልኩት ስንቶቹ ናቸው? እኛስ ብንሆን? የመመረቂያ ርዕሳችንን ከሴንየሮች ፋይል ገልብጠን፣ ዲፌንስ አድርገን፣ መደርደሪያ ላይ እንተወዋለን። የትስስር ቢሮ አለ፤ ግን ቢሮ ብቻውን ጥያቄ አይወልድም።

"ሐሳቤን ይሰርቁኛል" የሚል ስጋት አለ፤ ተገቢም ነው። ግን አዋጅ ቁጥር 123/1987 ለትልቅ ፈጠራ ብቻ ሳይሆን ለአነስተኛ ፈጠራም ጥበቃ እንደሚሰጥ ስንቶቻችን እናውቃለን? የሕግ ተማሪ ወንድሞችና እህቶች አንድ ምሽት ቢያስረዱን ጥሩ ነበር።

ዘንድሮ ኢንተርንሺፕ የምትወጡ ደግሞ፣ ኢንሻአላህ ስትመለሱ ከምስክር ወረቀቱ ጋር አንድ ገጽ ይዛችሁ ኑ። የትኛው ማሽን ይቆማል? በሳምንት ስንት ሰዓት? ሠራተኞቹ ምን ሞክረው አልሆነላቸውም? ገጹን የድርጅቱን ፈቃድ ጠይቃችሁ ለጀመዓው አካዳሚክ ክፍል ስጡ፤ የሚቀጥለው ዓመት ተመራቂዎች ርዕስ ከዚያ ይምረጡ።