ፎቶ ኮፒ የሚጠይቅ «ዲጂታል»

በዛሬ ጊዜ «ሲስተም ዘርግተናል» የማይል የመሥሪያ ቤት ሪፖርት ማግኘት ይከብዳል። ባንኩ የራሱ አለው፣ ገቢዎች የራሱ አለው፣ ንግድ ጽሕፈት ቤቱም እንዲሁ። መንዝ ውስጥ ባለችው መሐል ሜዳ ከተማ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ግን ይታሰብ፦ አንዱ ቢሮ የግብር ማረጋገጫ አትሞ ይሰጠዋል፤ ሌላው ቢሮ ያንኑ ወረቀት «ዋናውንና ኮፒውን አምጣ» ይለዋል። ሁለቱም ቢሮዎች ኮምፒውተር አላቸው። በመካከላቸው የሚመላለሰው ገመድ ግን ነጋዴው ራሱ ነው።

ለዚህ ሁሉ የሲስተም ብዛት ማጨብጨብ ይብቃ።

የጎደለው ኤፒአይ ነው። ኤፒአይ አንድ ሶፍትዌር ሌላውን ምን መጠየቅ እንደሚችል፣ በማን ፈቃድ እንደሚጠይቅና ምን ያህል መልስ እንደሚያገኝ የሚወስን ውል ነው። ሲስተሞች በውል የመገናኘታቸው ጥቅም በአገር ውስጥ ታይቷል። ቀድሞ የኤቲኤም ካርድ የሚሠራው በአብዛኛው በሰጠው ባንክ ማሽን ላይ ነበር። ባንኮች በጋራ ያቋቋሙት ኢትስዊች በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የአንዱ ካርድ በሌላው ማሽን ብር ማውጣት ቻለ። አዲስ ማሽን መትከል ሳያስፈልግ ደንበኛው የሚጠቀምባቸው ማሽኖች በዙ። የክፍያ አገናኙ ቻፓም ገበያ ያገኘው በዚሁ መንገድ ነው፤ ድረ ገጽ ያለው ነጋዴ ከእያንዳንዱ ባንክና ከሞባይል ገንዘቡ ቴሌብር ጋር ለየብቻ ከመዋዋል ይልቅ አንድ ጊዜ ተገናኝቶ ከብዙዎቹ ክፍያ ይቀበላል።

«ሲስተሞች ከተገናኙ መረጃ ይሾልካል» የሚለው መከራከሪያ ከሁሉም የላላው ነው። የመታወቂያ ፎቶ ኮፒ ስምን፣ ፎቶንና የልደት ቀንን ይዞ ካቢኔ ውስጥ ይቀመጣል፤ ማን እንዳየው መዝገብ የለም። የዲጂታል መታወቂያው የፋይዳ ማረጋገጫ ግን «ሰውየው እሱ ነው ወይ?» ለሚል ጥያቄ አዎ ወይም አይደለም ብሎ ሊመልስ ይችላል፤ ጠያቂውም ይመዘገባል። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 እና የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥተዋል፤ ስለዚህ ሕግ የለም ማለትም አያስኬድም።

ሲስተምን ለሌላው መክፈት ማለት በር ገንጥሎ መጣል አይደለም። ከመሐል ሜዳ ብዙም የማይርቀው የጓሳ ሣር ለዘመናት የጋራ ሆኖ የቆየው ማን እንደሚያጭድ፣ መቼ እንደሚዘጋና መቼ እንደሚከፈት በታወቀ ደንብ ስለተዳደረ ነው። የጋራ ሲስተምም እንዲህ ያለ ደንብ ይፈልጋል።

የኤፒአይ ደጋፊዎችም ከወቀሳ አያመልጡም። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። አዲስ አበባ ተቀምጦ መስመር ሁልጊዜ አለ ብሎ የተነደፈ ግንኙነት እንዲህ ባለው ጊዜ መንዝ ላይ «ሲስተም የለም» ከመባል አያድንም። ቴሌብር በ*127# ያለ ኢንተርኔት እንደሚሠራ ሁሉ፣ ደጋፊዎቹ ሌሎቹ ሲስተሞችም ጥያቄውን ይዘው ቆይተው መስመር ሲመለስ የሚልኩበትን መንገድ ከመጀመሪያው ማሰብ ነበረባቸው።

ማስተካከያው የሚጀምረው ከግዢው ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ለሶፍትዌር ጨረታ ሲያወጣ ኤፒአዩ የተሟላ ሰነድና መሞከሪያ እንዲኖረው፣ ለየትኞቹ ተቋማት እንደሚመልስም በጨረታው ሰነድ ላይ ያስፍር። ይህን የማያሟላ ተጫራች ይውደቅ። የየዓመቱ ሪፖርትም ስንት ሲስተም እንደተዘረጋ መቁጠሩን ትቶ፣ ባለጉዳይ ይዞ እንዲመጣ መጠየቁ የቀረውን ወረቀት ይቁጠር።