ጫት የበላው ምሳ

ከኬንያዋ ሜሩ የተጫነው ሚራ የሚባለው ጫት ናይሮቢ ኢስትሊ የሚደርሰው ሰው ስለ ምሳው ማሰብ በሚጀምርበት ሰዓት ግድም ነው። በሙዝ ቅጠል መጠቅለሉ ለጌጥ አይደለም፤ ካቲኖን የሚባለው አነቃቂ ንጥረ ነገር ቅጠሉ በጠወለገ ቁጥር ስለሚቀንስ እርጥበቱን ለመጠበቅ ነው። ይኸው ንጥረ ነገር የምግብ ፍላጎትንም ይዘጋል። ስለዚህ አንድ ክፍል በጋራ ተከራይተው ወደ ሦስተኛ ሀገር የሚወስዳቸውን ፕሮሰስ ለሚጠብቁት ስደተኛ ወንደላጤ ልጆቻችን ጫቱ ምሳም ይሆናል። አመሻሽ ላይ ምርቃናው ሲበርድ ድብርቱ ይመጣል። ያን ጊዜ ባዶው ሆድ ላይ ሶዳ፣ ስኳር የበዛበት ሻይና ማንዳዚ የሚባለው የተጠበሰ ሊጥ ይወርድበታል። እንቅልፍ አጥቶ ያደረ ሰው ደግሞ ጠዋት ቁርስ አያምረውም።

እነዚህን ልጆች የሚመክር ሁሉ “ጫቱን ተው” ይላል። እኔ ደግሞ መጀመሪያ ምሳችሁን አስመልሱ እላለሁ።

የእናት ምክር ይመስላል፤ ግን ጥናትም አለው። በአውስትራሊያ ዲኪን ዩኒቨርሲቲ ፌሊስ ጃካ የመሯቸው ተመራማሪዎች ከመካከለኛ እስከ ከባድ ድብርት ያለባቸውን 67 ሰዎች ለ12 ሳምንት ተከታትለው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2017 አሳተሙ። ግማሾቹ የምግብ ባለሙያ እያገኛቸው አመጋገባቸውን አሻሻሉ፤ ሌሎቹ በዚያው ልክ አጫዋች ተመደበላቸው። እስከ መጨረሻው ከዘለቁት ውስጥ ከምግብ ቡድኑ ከ31 ሰዎች 10 ያህሉ ከድብርቱ ሲወጡ፣ ከጨዋታው ቡድን ግን ከ25 የወጡት 2 ብቻ ናቸው። ወዳጅ አጠገቡ ያለ ሰው አይደበርም እያልን ላደግን ለእኛ ይህ ትንሽ የሚያስደነግጥ ነው። የጫት ቤቱ ጨዋታ እኮ ሞቅ ያለ ነው፤ ሳቁም አይጎድልም።

ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ተሳታፊዎቹም የትኛው ቡድን ውስጥ እንዳሉ ያውቁ ነበር። ብዙዎቹ መድኃኒታቸውን ወይም የምክር ሕክምናቸውን ሳያቋርጡ ነው አመጋገባቸውን የለወጡት። እንቅልፍም ተስፋም ርቆት ሳምንታት የቆጠረ ሰው ሐኪም ዘንድ መሄድ አለበት፤ እሱን ሽሮ ብላ ብሎ መሸኘት ጭካኔ ነው። ለድብርቱም በቂ ምክንያት አለ። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 አሜሪካ የስደተኞች ቅበላዋን ስታቆም የስንቱ ዓመታት እዚህ ሰፈር ውስጥ ተንጠልጥለው እንደቀሩ እናውቃለን። ያንን የሚፈታ ወጥ የለም። ቢሆንም ዩኤን በልጁ እጅ አይደለም፤ ድስቱ ግን በእጁ ነው።

አውስትራሊያውያኑ ብሉ የተባሉት ጥራጥሬ፣ ቅጠላ ቅጠል፣ ያልተፈተገ እህል፣ ፍራፍሬ፣ ዓሣ፣ የወይራ ዘይት ነበር፤ ቀንሱ የተባሉት ጣፋጭ፣ የተጠበሰና ለስላሳ መጠጥ። የመጀመሪያውን ዝርዝር ሳየው የጾም ገበታችን ትዝ አለኝ፤ ምስሩ፣ ሽሮው፣ ጎመኑ። ሁለተኛው የልጆቻችን እራት ነው። ጤፍ ተወዷል የሚለኝ አይጠፋም። ምስር በሩዝም፣ ኡጋሊ በሚባለው የበቆሎ ገንፎም ይበላል። ሱኩማ ዊኪ የሚባለው የኬንያ ቅጠል ከጎመናችን ጋር ዘመድ ነው፤ በየጉሊቱም ይሸጣል። ከቪክቶሪያ ሐይቅ የሚመጣው ኦሜና የሚባለው ትንሽ ዓሣ ለአእምሮ የሚጠቅመው ኦሜጋ 3 ስብ አለው፤ ሐበሻ ግን ገና ሲሸተው አፍንጫውን ይይዛል። (እኔም ገና አልለመድኩትም፤ ሰው ላይ አልፈርድም።)

ገንዘብ የለም የሚለውን ክርክር ብዙም አልቀበለውም፤ ለጫት ዙርባ የሚዋጣ ገንዘብ ለምስርም ይዋጣል። ይልቅ ከበስተጀርባው ያለው ሌላ ነገር ይመስለኛል። ወጥ መሥራት የእህቱ ሥራ ነው እየተባለ ያደገ ልጅ እህቱ የሌለችበት ከተማ ሲገባ ሽንኩርት መላጥን እንደ ውርደት ያየዋል። አንዱ ቢነሳ እንኳ ጓደኞቹ ይስቁበታል። አራት ሆነው ለሚኖሩ ልጆች ተራ ማውጣት ከባድ አይደለም፤ ሽሮ ደግሞ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ሚራው ከመድረሱ በፊት መበላት ብቻ ነው ያለበት።