ሚዛን ይሉኝታ አያውቅም

በነርስነት ባገለገልኩባቸው ዓመታት፣ በልብ ድካም ተኝተው፣ ተሽሏቸው የወጡ ወላጆች ወር ሳይሞላቸው እግራቸው አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው ሲመለሱ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ቤተሰቡ «ድንገት ታመሙብን» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ውኃው በሰውነታቸው ውስጥ ለቀናት ሲጠራቀም ቆይቷል።

ልብ ደም በደንብ መግፋት ሲያቅተው ኩላሊት ጨውና ውኃ ይይዛል። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነውና፣ ትንፋሽ ከማጠሩ በፊት ሚዛን ይናገራል። ስለዚህ ለጥየቃ ከሚመጣው ጁስ ይልቅ ሚዛን ግዙላቸው። ዘወትር ጠዋት ሽንት ቤት ደርሰው፣ ቁርስ ሳይቀምሱ፣ በቀላል ልብስ ይመዘኑ፤ በደብተር ይጻፍ። መገናኛና ገርጂ መንገድ ዳር በሚመዝኑት ልጆች ዘንድ ከሆነም ሁልጊዜ በአንዱ ሚዛን ይሁን። በ3 ቀን ውስጥ 2 ኪሎ ከጨመሩ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ይያቸው። በአንድ ትራስ ይተኙ የነበሩት ሦስት ከፈለጉ፣ ወይም ሊፍት በሌለው የሰሚት ኮንዶሚኒየም ደረጃውን ይወጡ የነበሩት መሐል ላይ መቆም ከጀመሩም እንዲሁ።

ወደ ማዕድ ቤት ስንገባ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው ጨው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይበልጥም። እኛ ግን በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው እንጨምራለን፤ ወጡ ሲሠራ ደግሞ እንደገና። በርበሬውም ሽሮውም ያለ ጨው ይዘጋጅ፤ የፈለገ ገበታ ላይ ይጨምር። ለቤቱ ሁሉ ይጠቅማል።

ሽንት የሚያሸናውን ኪኒን ለቅሶ ወይም ቤተ ክርስቲያን በሚሄዱበት ቀን የሚዘሉት ብዙ ናቸው። አይዘለል፤ ሰዓቱን ማዛወር ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ። ለጉልበት ሕመም ብላችሁም ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትግዙላቸው፤ ውኃ ይይዛሉ።

ውጭ አገር ያላችሁ ልጆች ደግሞ ስትደውሉ «ደህና ነሽ?» ብቻ አትበሉ። እናት ትንፋሽ አጥሯትም «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ነው የምትለው። «ዛሬ ጠዋት ስንት ኪሎ ሆንሽ?» በሏት። ደብተሩንም የልጅ ልጅ ይያዘው።

ሰላም ሰንብቱ።